ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ፦ የእሳተ ገሞራውን መንገድ በስንት ቀን፣ በምን መኪና፣ የት የት ቆሞ?

ጥያቄ፦ «ከሜሪላንድ በጥር ወር ለሦስት ሳምንት አገር ቤት እንመጣለን። ባለቤቴ፣ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ አብረን ነን። ልጆቹ እሳተ ገሞራ ማየት ይፈልጋሉ፤ ኤርታሌ ደግሞ ለእናቴ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በቢሾፍቱ፣ በአዳማና በመተሐራ አድርገን አዋሽ ፓርክ ደርሰን በዚያው ቀን መመለስ እንችላለን? የምንከራየው ትንሽ የቤት መኪና ነው። የፍጥነት መንገዱ ይሻላል ወይስ አሮጌው? የቢሾፍቱ ሐይቆች ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተፈጠሩ ናቸው መባሉስ እውነት ነው? ፈንታሌ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው ብለውኛል፤ አፉ ድረስ መውጣት ይቻላል? ልጆቹ በበሰቃ ሐይቅ ቢዋኙስ?»

ምላሽ፦ በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱን ይተዉት። ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት ኪሎ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሜሪካ ውስጥ መንዳት ለለመደ ሰው ይህ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ይመስለዋል። እዚህ ግን ከመሐል ከተማ ቱሉ ዲምቱ ያለው የክፍያ በር ለመድረስ ብቻ እንደ ሰዓቱ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ችግሩ ከአዳማ ወዲያ ያለው 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚመጣውም የሚሄደውም በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋል፣ የጅቡቲ ተሳቢዎች ተከታትለው ይሄዱበታል፣ ከብትና ግመልም ያቋርጠዋል። አንድም ቦታ ሳይቆሙ ለመሄጃ ብቻ ከአራት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይያዙ። ደርሶ መልሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነው፤ የጥር ቀን ደግሞ ብርሃኑ አሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንዲህ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያየው የተሳቢ ኋላ ነው፤ ሲመለስም ከአዳማ በታች ይመሽበታል፤ ያ ደግሞ በዚህ ጉዞ ከሁሉ በላይ መራቅ ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ወይ ሁለት ቀን መድቡና አዋሽ እደሩ፣ ወይ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ቢሾፍቱ ላይ ቁሙ።

ወደ ሐይቆቹ ልምጣ። የቢሾፍቱን ጉድጓዶች የሠራው ከመሬት በታች የመጣ ኃይል ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የነበረ ቅልጥ ዐለት ውሃ ያዘለ ንጣፍ ሲያገኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱ ከውሃው ከሺህ ጊዜ በላይ የሚሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ በላዩ ያለውን ምድር ፈንቅሎ ይጥለዋል። ፍንዳታው ተደጋግሞ ከደረሰ በኋላ ተራራ ሳይሆን ገደል ያለው ክብ ጉድጓድ ይቀራል። ወለሉ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታ በታች ስለሚወርድም በውሃ ይሞላል። ሐይቆቹ ከስፋታቸው ይልቅ ጥልቀታቸው የሚያስደንቀው ለዚህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተደረገው ልኬት ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ሆራ 38 ሜትር ጥልቀት ነበራቸው። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ከተማ ዙሪያ ይህን ያህል ጉድጓድ፣ በመካከላቸውም የቀይ አመድ ኮረብታ ተደርድሮ አናገኝም ነበር። ከተማው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ግን የእሳተ ገሞራ ሥራ አይደለም። ኩሪፍቱ ሰው ውሃ ጠልፎ የሞላው ነው፤ ጨለክለካም ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሽ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ነው። ልጆቹን «እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ቆማችኋል» ለማለት ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ወደ ሆራ ወይም ወደ ባቦጋያ ይውሰዷቸው።

ይህ መንገድ ከሌሎች የሚለየው ታሪኩን በቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ከቀሪው አፍሪካ በዚህ በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየራቀ ነው። ጥንት ስንጥቁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ባሉት ትልልቅ ገደሎች ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በወለሉ መሐል በሚያልፉ ጠባብ የስንጥቅ ረድፎች ላይ ያተኩራል። የምድር ሳይንስ ሰዎች ይህን ረድፍ የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ከስኳሩ ወንጂ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለው አዲስ አበባ ተነሥተው 1,900 ገደማ ወዳለው ቢሾፍቱ፣ ከዚያ 1,600 ገደማ ወዳለው አዳማ፣ በመጨረሻም ከ1,000 ሜትር ዝቅ ወደሚለው መተሐራ ሲወርዱ ከአሮጌው ጠርዝ ወደ ሕያው መሐል እየተጠጉ ነው። አዲስ አበባ ዳር ያለው የረር ዝናብ ያለሰለሰውና እርሻ የወጣበት አሮጌ ተራራ ነው፤ መተሐራ ዳር ያለው ላቫ (ፈሶ የረጋ ቅልጥ ዐለት) ደግሞ ገና አፈር እንኳ አላወጣም። ይህን አስቀድመው ለልጆቹ ከነገሯቸው በመስኮት የሚያዩት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዝላቸዋል።

ከመንገዶቹ የፍጥነት መንገዱን ምረጡ። በአሮጌው መንገድ ቃሊቲን፣ ዱከምንና ሞጆን በጭነት መኪናና በባጃጅ መካከል ማለፍ ሁለት ሰዓት ይበላል፤ ለዓይን የሚጨምረውም ነገር ትንሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በፍጥነት መንገዱ ላይ ለፎቶ መቆም ክልክል ነው፣ አደገኛም ነው። በሩ ላይ የሚሰጥዎትን ካርድ ሲወጡ ስለሚጠየቁ ለአንድ ሰው በኃላፊነት ያስይዙት። ቢሾፍቱ መውጫ ላይ ወጥተው፣ ጎብኝተው፣ እንደገና ገብተው እስከ አዳማ መቀጠል ይችላሉ፤ ክፍያውም በሄዱበት ልክ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ሲነሡ በግራ የረርን፣ በቀኝ ደግሞ ርቆ ለብቻው የቆመውን ዝቋላን ያያሉ። ዱከምና ቢሾፍቱ መካከል ግማሽ ጎናቸው የተቆረጠ ቀያይ ኮረብታዎች አሉ። የትናንሽ እሳተ ገሞራዎች አፍ ናቸው፤ ለመንገድ ሙሌትና ለግንባታ ስለሚፈለጉ ይቆፈራሉ። ቁርጡ ላይ የሚታዩት ያዘመሙ መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ የመትፋት ዙር ናቸው። ከመኪና ሆኖ ማየት በቂ ነው፤ የተቆፈረው ግድግዳ ያለማስጠንቀቂያ ስለሚናድ ልጅ ይዞ ካባ ውስጥ መግባት አይገባም።

ቢሾፍቱ ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ሁለት ሐይቅ ይበቃል። መጀመሪያ በከተማው መሐል ያለውን ቢሾፍቱ ሐይቅን ከጠርዙ ይዩት፤ ገደሉ አፍ ላይ ከተሠሩት ቡና ቤቶችና ሆቴሎች እናትዎ ደረጃ ሳይወርዱ ሙሉውን ክብ ያዩታል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ቢደርሱ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭጋግና አቧራ ይነሣል። ከዚያ ወደ ባቦጋያ ይሂዱና ውሃው አጠገብ ውረዱ። በመውረጃው የተቆረጠ ግድግዳ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ጣት የማያህሉ ቀጫጭን የአመድና የጠጠር ንጣፎች ተደራርበዋል። በመካከላቸው እዚህም እዚያም ጠንካራ የድንጋይ ቁራጭ ተሰክቶ ይገኛል። ከድንጋዩ ሥር ያሉት ንጣፎች ወደ ታች ጎብጠው፣ ከላዩ ያሉት ቀጥ ብለው ካለፉ፣ ያ ድንጋይ በፍንዳታው ወደ ሰማይ ተወርውሮ በእርጥብ አመድ ላይ የወደቀ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅዎ ይህን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ይተዉት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ረቂቅ ሕይወት ነው፤ መድረሻው የአፈር መንገድ ስለሆነ ለዚህ ጉዞ አልጨምረውም።

ባቦጋያ ላይ መዋኘት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ግን ይወቁ። የጉድጓዱ ግድግዳ ውሃው ውስጥም እንደዚያው ስለሚቀጥል ከዳር ጥቂት እርምጃ ሲርቁ እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ መዋኛ የተከለለለትና የሚንሳፈፍ ጃኬት የሚያከራይ ሎጅ ይምረጡ፣ ልጆቹ ዋናተኞች ቢሆኑም ጃኬቱን ይልበሱ። ሁለተኛው የጥር ጉዳይ ነው። በብርድ ሌሊት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይወርዳል፣ ከሥር ያለው ኦክስጅን ያጣ ውሃ ደግሞ ይወጣል፤ በዚህ ወቅት በእነዚህ ሐይቆች ዓሣ በብዛት የሚሞትበት ጊዜ አለ። የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ካያችሁ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተታችሁ ያን ቀን ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ዓሣም አትብሉ። ፎቶን በተመለከተ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ መሆኗን አትርሱ፤ ካሜራውን ወደ ሐይቁ እንጂ ወደ ጦር ሰፈርና ወደ አውሮፕላን አታዙሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መግባትም ጉምሩክ ላይ ያስወስዳል።

ቀኑን ስትመርጡ ጥምቀትን አስቡ። ከጥር 10 እስከ 12 ታቦት በሚወጣባቸውና በሚመለሱባቸው ሰዓታት በየከተማው መንገድ ይዘጋል፣ ክፍል አይገኝም፣ ዋጋም ይወደዳል። በዓሉን ለማየት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ለመንገድ ጉዞ ግን ከጥር 14 በኋላ ያለውን የሥራ ቀን ውሰዱ። (ሌላ ወር ለምትመጡ፦ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር ቢሾፍቱ ለመኪና ዝግ ናት ማለት ይቻላል።)

ዝቋላን ከሩቅ ማየት ይበቃችኋል። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ትልቅ ተራራ ነው። መውጫው ግን ድንጋያማ ስለሆነ የቤት መኪና አይሞክረውም፤ ሐይቁ የተቀደሰ በመሆኑ አይዋኙበትም፤ ገዳሙም በፀጥታ ችግር ክፉኛ የተጎዳባቸው ጊዜያት ስለነበሩ አስቀድሞ ከቤተ ክህነትና ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ የሚሄዱበት ቦታ አይደለም።

አዳማ ምሳ የሚበሉበት፣ ከዚያ በላይ ግን መቀጠል አለመቀጠላችሁን የምትወስኑበት ከተማ ናት። በኦሮሚያና በአፋር መገናኛ ባለው ከወለንጪቲ እስከ አዋሽ መስመር የፀጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። የወር በፊት ወሬ አይጠቅምም፤ የዕለቱን ይጠይቁ። የምታድሩበት ሆቴል ደውላችሁ «ዛሬ ጠዋት እንግዳ በመንገድ መጥቷል?» በሉ፤ መናኸሪያ ገብታችሁ የመተሐራና የአዋሽ ሚኒባስ ሹፌሮችን ጠይቁ። ሁለቱ መልስ ካልተስማማ አትቀጥሉ። ያኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሶደሬ ሄዳችሁ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ባፈላው ውሃ ዋኝታችሁ በማግስቱ መመለስ ጥሩ አማራጭ ነው፤ እናትዎም ይጠቀሙበታል። ሶደሬ መዋኛው ውስጥ እንጂ አጠገቡ በሚያልፈው አዋሽ ወንዝ አትግቡ፣ አዞ አለበት።

ከአዳማ ሳትወጡ ነዳጅ ሙሉ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በሌላ ዲጂታል መንገድ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ ማደያ መድረስ ያስቸግራል፤ ሹፌራችሁ ስልኩ ላይ በቂ ገንዘብ መያዙን አረጋግጡ። ሹፌር ስል ሆን ብዬ ነው። የውጭ መንጃ ፈቃድ ሳይቀየር እዚህ መንዳት ችግር ያመጣል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተሳቢ መቅደምን፣ ከብት ሲገባ ማንበብን የሚያውቅ የመስመሩ ሰው ቢነዳ እርስዎ ወደ ተራራው ማየት ይችላሉ።

ከወለንጪቲ በቀኝ በኩል የሚታየው ባለ ሁለት አናት ተራራ ቦሰት ነው፣ 2,447 ሜትር ይደርሳል፤ ጎኑ ላይ የወረዱት ጠቆር ያሉ ምላሶች የላቫ ፍሰት ናቸው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በቆኔ በኩል ያልፋል። ይህ ተራራ የሌለው እሳተ ገሞራ ነው፦ ከሥሩ ያለው ቅልጥ ሲወጣ ላዩ ወደ ውስጥ ሰምጦ የተደራረቡ ሰፋፊ ጎድጓዳዎችን ትቷል። እ.ኤ.አ. 1820 ገደማ እንደገና ላቫ ፈሶበታል። ማቆሚያ ስለሌለውና ተሳቢዎች በጠማማው ላይ ስለሚቀዳደሙ በመስኮት አይታችሁ እለፉ።

አሁን የጉዞው ዋና ቦታ፤ በሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ላቫ። መተሐራ ከመድረሳችሁ በፊት በድንገት መንገዱ በውሃና በጥቁር ድንጋይ መካከል ይገባል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም አጥለቅልቋቸው ስለነበር በሙሌት ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። የመስፋቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፦ በዙሪያው ካሉት የሸንኮራና የሌሎች ሰብሎች እርሻዎች የሚመለሰው የመስኖ ውሃ አለ፣ ከሥሩ የሚገባ ፍል ውሃ አለ፣ የምድሩ እንቅስቃሴም የከርሰ ምድሩን ውሃ መንገድ ይለውጣል፤ የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ አጥኚዎች ይከራከራሉ። ውሃው ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ነው፤ ሲሸሽ በዳርቻው ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ አዞም ይኖርበታል። ስለ መዋኘቱ መልሴ ስለዚህ አጭር ነው፦ ልጆቹ እጃቸውን እንኳ አያስገቡ።

ጥቁሩ ላቫ እ.ኤ.አ. 1820 ገደማ ከፈንታሌ ደቡባዊ እግር ከተከፈተ ስንጥቅ የፈሰሰ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ለድንጋይ ትናንት ነው፤ አፈር አልሠራም፣ ሣር አልያዘም፣ እዚህም እዚያም ሥሩን በስንጥቅ የሰደደ ግራር ብቻ አለበት። መኪናው የሚቆመው ሙሌቱ ላይ አይደለም፤ እዚያ ትከሻው ጠባብ ነው፣ ተሳቢ ሲያልፍም ንፋሱ ልጅ ያንገዳግዳል። ውሃውን አልፋችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት የሚያስችል ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ፣ ልጆቹ በመንገዱ ተቃራኒ በኩል ባለው በር ይውረዱ። ጫማ የተዘጋና ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ የዚህ ላቫ ላይኛ ገጽ ሲፈስ እየቀዘቀዘ የተሰባበረ ስለሆነ በሰንደል የሄደ ሰው እግሩን ይቆርጣል፣ የተደናቀፈ ደግሞ መዳፉን። ከዳሩ አሥር ሜትር ያህል ገባ ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የተደላደለ የሚመስለው ድንጋይ ሲረገጥ ይንከባለላል፣ ከሥሩም ባዶ ጎድጓዳ ይኖራል። አንድ ቁራጭ አንሥታችሁ በፀሐይ አገላብጡት፦ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጋዙ ሲወጣ የቀሩ ናቸው። ብዙዎቹ ክብ አይደሉም፣ ወደ አንድ ወገን ተጎትተው ሞላላ ሆነዋል፤ ቅልጡ ሊረጋ ሲል እየተጎተተ እንደነበር የሚያሳየው ያ ነው። አይታችሁ ከቦታው መልሱት።

እዚህ ለመድረስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ይሻላል። ፀሐይዋ በጥር በደቡብ ምዕራብ ስለምትሆን በሰሜን የቆመው የፈንታሌ ፊት ሙሉ ብርሃን ያገኛል፣ ድንጋዩም የቀትሩን ያህል አይፋጅም። ግመል የሚጠብቁ ከረዩዎችንና አፋሮችን ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሡ፤ ሹፌሩ ወርዶ ሰላምታ ሰጥቶ ቢያስፈቅድ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ፈንታሌ የሞተ ነው ያለዎት ሰው ተሳስቷል፤ ይህ ስሕተት ሰው ሊጎዳ ስለሚችል በግልጽ መናገር አለብኝ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በሰሜኑ ባለው የዶፈን እሳተ ገሞራ መካከል ቅልጥ ዐለት በከርሰ ምድር ወደ ጎን እየሰነጠቀ መጓዝ ጀመረ። በዚያ ሳቢያ ለወራት መሬት ሲንቀጠቀጥ ከረመ፦ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በመለኪያው 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ያሉ ሰዎች ተሰምቷቸዋል። ቤቶች ፈርሰዋል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ ዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጥቷል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። ቅልጡ ወደ ላይ ፈንድቶ አልወጣም፤ ያ ማለት ግን አልቋል ማለት አይደለም።

ስለዚህ አፉ ድረስ መውጣቱን በዚህ ጉዞ አያስቡት። 2,007 ሜትር ያለው ጠርዝ ከመተሐራ ሜዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ፎር ዊል መኪና ከፊሉን ይወስዳል፣ የቀረው በእግር ነው፣ ያለ ፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) አጃቢነትም አይወጣም። ጠርዙ ላይ እንፋሎት የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ከአየር የሚከብድ ጋዝ በጎድጓዳ ሊጠራቀም ስለሚችል ለሕፃን አይሆንም። ከመንገዱ ያለው ዕይታ በቂ ነው፤ አናቱ ቀጥ ብሎ እንደተቆረጠ ታያላችሁ። የድሮው ትልቅ ፍንዳታ ውስጡን ባዶ ሲያደርገው ወደ ውስጥ የሰመጠው እዚያ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት መንቀጥቀጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሚወጣውን መግለጫ ተመልከቱ። በየቀኑ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ካለ አዳማ ላይ ተመለሱ። መንገድ ላይ እያላችሁ ቢያጋጥም ሹፌሩ ፍሬን በድንገት አይያዝ፤ ቀስ ብሎ ከድልድይ፣ ከተቆረጠ ኮረብታና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቆ ይቁም፣ ሲያበቃም አስፋልቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ እያየ ይሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ፓርክ በር ከመተሐራ አልፎ በቀኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ፤ ሳላና የሜዳ ፍየል ከሙቀቱ በፊት ሜዳ ላይ ናቸው። በደረቅ ወቅት እስከ ፏፏቴው ቀስ ብሎ የሚሄድ የቤት መኪና ሊደርስ ይችላል፣ በሩ ላይ ግን መንገዱ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። የአዋሽ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ላቫና የተጣበቀ አመድ ንጣፍ በንጣፍ ተቆርጦ ይታያል፤ ጠርዙ አጥር የለውም፣ ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ከሥር የተሸረሸረ ነው፣ ስለዚህ ከአምስት ሜትር በላይ አትጠጉ። ዝንጀሮ ካለ መስኮት ዝጉ። በስተሰሜን ያለው ፍልውሃ ከዋናው መንገድ በጣም ገባ ያለና ከፍ ያለ መኪና የሚፈልግ ስለሆነ ላንድክሩዘር ከሌላችሁ ተዉት።

ስለ መኪናው፦ በአስፋልት ለተባለው ሁሉ የቤት መኪና ይበቃል፣ ሁኔታው ግን መፈተሽ አለበት። ከመነሣታችሁ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሹፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ ንፋስ አስሞሉ። መተሐራ ሲደርስ በሙቀት ይጨምራል፤ ያኔ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ያንሳልና። ስኮርታው ንፋስ መያዙን፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ፤ በኪራይ መኪና ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ሲወርዱ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ይያዝ። መመለሻው ከ1,300 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ የሙቀት ጌጁ ከመሐል ካለፈ ኤሲው ይጥፋ፣ አሁንም ካልወረደ ቆማችሁ ሞተሩን አብርዱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትክፈቱ።

አዳማን ጨምሮ ከዚያ በታች ወባ አለ፤ የልጆቹን መከላከያ መድኃኒት ከአሜሪካ ሳትነሡ ከሐኪም ጋር ጨርሱ፣ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር የታሸገ ውሃ ያዙ። የጉድጓድ ውሃ አትጠጡ፤ የእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ስለሚለቅ በወንጂና በመተሐራ በዚያ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው በልዞ ታያላችሁ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሡ፣ በፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሾፍቱ ሁኑ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ አትቆዩ። ስድስት ሰዓት አዳማ ምሳ፣ ነዳጅ፣ ጥያቄ። ሰባት ሰዓት ላይ ካልተነሣችሁ ወይም ወሬው ካላማራችሁ ወደ ሶደሬ ታጠፉ። ከቀጠላችሁ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ በሰቃ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አዋሽ ሰባት ኪሎ። በማግስቱ ፓርኩን እስከ አራት ሰዓት ጨርሱ፣ በቀጥታ ተመለሱ፤ አሥር ሰዓት ሳይሆን ቃሊቲ ካለፋችሁ ከከተማው የማታ መጨናነቅ ታመልጣላችሁ።